ዱንጉዛ የለበሰው ራዲያተር

ቬሎ ለብሳ የመኪና ኮፈን ሥር አንገቷን ያስገባች ሙሽራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ወላይታ ሶዶ ስትመጡ ሙባረክ የሚባል ሰርግ በቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው አለ፤ ስቱዲዮው ገብታችሁ ቪዲዮውን አሳየን በሉት። ብዙ ሳትለምኑት ያሳያችኋል። ሰርጌን ያልታደመ ሰው እንኳ አይቶት መንገድ ላይ አስቁሞ ይስቅብኛል። እኔ ግን ካሜራው ያልያዘውን፣ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ልቤ ድው ድው ይላል።

አስቴር እባላለሁ፤ ከሶዶ በታች ያለችው የቤሌ ከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ ገበያው አጠገብ የናፍጣ ወፍጮ ነበረው። ወፍጮው ከሚፈጭበት ቀን የሚበላሽበት ስለሚበልጥ ቤታችን ውስጥ ከእህል ይልቅ ብሎን ነበር የሚበዛው። ሞተር ሲያመው በድምፁ ማወቅ የለመድኩት እዚያ ነው። በኋላ ሶዶ ገብቼ አውቶ መካኒክ ተማርኩና አረካ መውጫ ላይ ካለ ጋራዥ ተቀጠርኩ። ሰማያዊ ቱታዬን ለብሼ ጎንበስ ስል ደንበኛው ከኋላዬ "ወንድም" ብሎ ይጣራል፤ ዞር ስል ይደነግጣል። ያንን ድንጋጤ እወደው ነበር። ሥራውን ደግሞ ከዚያም በላይ።

ከታምራት ጋር ያስተዋወቀን ሞተር ሳይክሉ ነው። አስተማሪ ነው፤ የፍሪሲዮን ገመድ ተበጥሶበት መጣ፣ ቀየርኩለት። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በየሳምንቱ ይታመም ጀመር። አንድ ቀን ምንም ያልሆነ ፍሬን "ትንሽ ይጮሃል" ብሎ ሲያመጣልኝ ነገሩ ገባኝ።

እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት የአባቱ እህት እማማ ቦጋለች ናቸው። አጭር ናቸው፣ ቀጥ ያሉ፤ የቤተሰቡ ወንዶች በሙሉ እሳቸው ፊት ድምፃቸው ይቀንሳል። ሽማግሌ ተልኮ ቤሌ ሲመጣ እሳቸውም አብረው መጡ፤ እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አይደረግም፣ ግን ማን ይከለክላቸዋል? ነገሩ ሁሉ በደስታ ካለቀ በኋላ አንድ ቃል ጨመሩ።

"ልጅቷን ወደናታል። የእኛ ቤት ሙሽራ ግን መኪና ሥር ተኝታ እግሯን ለመንገደኛ አታሳይም። ከሰርጉ በኋላ ቱታውን ታውልቅ።"

አባቴ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ወደ ታምራት ተመለከትኩ። ታምራት ወደ መሬት ተመለከተ። ሁሉም የእኔን አፍ ይጠብቃል። "እሺ" አልኩ። በአንዲት እሺ ሙያዬን አስረከብኩ ማለት ነው። ሰርጉ ሲቃረብ ቱታዬን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ካለው ሚስማር ሰቅዬ ስወጣ ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁት፤ ለታምራትም አልነገርኩትም።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት አጃቢዎቹ ሊወስዱኝ ቤሌ መጡ። ጋብቻው የሚፈጸመው ሶዶ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ፓስተራችን ከእኛ በኋላ ወደ አረካ ሄደው ሌላ ጥንድ ስለሚያጋቡ "ከዘገያችሁ አታገኙኝም፤ ሰርጋችሁ ለሌላ ቀን ነው የሚሆነው" ብለው አስጠንቅቀውናል። ሶዶ ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ በሬ ታርዷል፣ ዘመድ ከገሱባ ሳይቀር ገብቷል። ለሌላ ቀን የሚባል ነገር ለእኛ አልነበረም።

የሙሽራ መኪና የሆነችው የታምራት አጎት ያዋሰን አሮጌ ነጭ አውቶሞቢል ናት፤ ሹፌሩ ጋሽ ዳና ዕድሜ ልካቸውን መሪ የጨበጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ከቤት ስወጣ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ሙሽራው ላይ ነው ብል ታምራት ደስ ይለው ነበር፤ እውነቱ ግን መኪናዋ ላይ ነው። ፊቷ በዱንጉዛ ተሸፍኗል። ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው የወላይታ የክብር ልብስ ነው። ይሄኛው ደግሞ እማማ ቦጋለች ራሳቸው ፈትለው ለታምራት አባት ያሸመኑት፣ አባቱ ካረፉ በኋላ ከሳጥን ወጥቶ የማያውቅ፣ እንደ ብርድ ልብስ የወፈረ ዱንጉዛ ነበር። ከኮፈኑ ጫፍ ጀምረው እስከ ታርጋው ድረስ አልብሰዋታል፤ በጆንያ መስፊያ መርፌ በፍርግርጉ መሃል እየሰፉ፣ ጫፍ ጫፉን በራሳቸው ቋጠሮ አስረውታል። የሚታዩት ሁለቱ መብራቶቿ ብቻ ናቸው።

"ወንድሜ ልጁን ለመዳር መጣ ማለት ነው" አሉኝ ጨርቁን በእጃቸው እየዳበሱ። "አያምርም?"

"በጣም ያምራል" አልኩ። አምሮም ነበር። ያን ቀን የመካኒክ ጭንቅላቴ ከቱታው ጋር ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷልና ሌላ ነገር አልታየኝም።

ፊት ለፊት ጋሽ ዳናና ሚዜው ኤልያስ፣ ከኋላ ታምራት፣ እኔና እማማ ቦጋለች ተቀመጥን። እሳቸው በሚኒባስ ይምጡ ቢባሉ ዱንጉዛውን ትቼ አልሄድም አሉ። መዘምራንና ዘመድ የጫኑ ሚኒባሶች በጥሩምባና በመዝሙር ቀደሙ፤ ሙባረክ ሞተር ሳይክሉ ላይ ካሜራውን አንግቦ ከግራ ከቀኝ ይከብበናል። ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ዝም ነው የምትለው፤ እኔም እንደ ደንቡ ደፋሁ። ደፍቼ ግን ከፊተኛው መቀመጫ መሃል የሙቀት መለኪያው ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

ከቤሌ ወደ ሶዶ መንገዱ ዳገት ነው። መጀመሪያ መርፌው መሃል ላይ ነበር። ኩርባውን ስንዞር ትንሽ ከፍ አለ። የዓይኔ ነው አልኩ። ሌላ ኩርባ፣ ሌላ ከፍታ። ልቤ ከመርፌው ጋር አብሮ መውጣት ጀመረ። በዚህ መሃል ጋሽ ዳና እጃቸውን ዘርግተው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት።

በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ማሞቂያ። ኤልያስ ከረቫቱን ፈታ። የታምራት ፊት ላብ በላብ ሆነ። የእኔ ኩል ጉንጬ ላይ ወረደ።

እማማ ቦጋለች ሲቆጡ ከወላይትኛ ወደ አማርኛ ይሻገራሉ፤ ክስ በአማርኛ ይጠነክራል ብለው መሰለኝ። "ዳና፣ ምን ነክቶሃል? ሙሽራዋን ልትቀቅል ነው?"

ጋሽ ዳና በመስታወቱ አሻግረው ወደ እኔ ብቻ አዩ። እኔም አየኋቸው። ሞተር ሊፈላ ሲል ሙቀቱን በማሞቂያው በኩል ወደ ውስጥ መሳብ የልምድ ሹፌር ብልሃት ነው፤ ለምን እንዳደረጉት እኔ እንደገባኝ እሳቸውም ገባቸው። በዚያች ላብ በላብ መኪና ውስጥ ሁለታችን ብቻ የምናውቀው ምስጢር ነበረን።

ትንሽ እንደሄድን ራሳቸው ዳር ያዙና አቆሙ። "ትንሽ ትረፍ፤ ሌሎቹ ይቅደሙ፣ ፓስተሩን ያዙልን" አሉ። ሚኒባሶቹ እየዘመሩ ኩርባውን ዞረው ጠፉ። መኪናዋ ስትቀዘቅዝ ተነሣን። ብዙም አልሄድንም። ከፊት ቡፍ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ነጭ እንፋሎት መስታወቱን ሸፈነው፤ ጋሽ ዳና እየጎተቱ ከመንገዱ አወጧትና ሞተሩን አጠፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በአንዴ ነው የሆነው። ወንዶቹ ወረዱ፣ ኮፈኑ ተከፈተ፣ ሙባረክ ካሜራውን ደገነ። ስልክ ተሞከረ፤ በዚያ ኩርባ ኔትወርክ የሚባል የለም። ኤልያስ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል ብሎ ፈረደ፤ የት እንደሰማው እንጃ። ታምራት ሰዓቱን ያያል፣ መንገዱን ያያል፣ እኔን ያያል። ሙባረክ ሙሽራዋን በሞተሬ ላድርሳት የሚል ሐሳብ አመጣ።

"ከነቬሎዋ? እግሯን ግራና ቀኝ አድርጋ?" አሉ እማማ ቦጋለች። "እኔ ከተቀበርኩ በኋላ።"

ፓስተሩ ወደ አረካ ሲነሡ ታየኝ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሕዝብ፣ አባቴ በሚኒባስ ቀድሞ ደርሶ በሩ ላይ ቆሞ መንገድ ሲያይ ታየኝ። ሞተሩ ደግሞ እንዳለ ሌላ ዳገት ቢሞከር የእውነት ይቃጠላል። ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ እጄ ጭኔ ላይ ሆኖ ይበላኛል። ግን ከእኔ ክንድ ርቀት ላይ የተቀመጡት ሴትዮ ፊት "እሺ" ያልኩት አፌ ገና አልደረቀም። ደፍቼ ቆየሁ።

ቀና ብል ኤልያስ መሐረብ እጁ ላይ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ጎንበስ ብሏል።

"እንዳትነካው!"

ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። የፈላ ራዲያተር ክዳኑ ሲከፈት ፊት እንደሚልጥ የጋራዥ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ አንገቱ ላይ ጠባሳው አለ። ኤልያስ እጁ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። እኔም በሩን ከፍቼ ወርጃለሁ። ተረከዜ ጠጠሩ ውስጥ ሰመጠ፣ ጫማዬን እዚያው ትቼው በባዶ እግሬ ወደ መኪናዋ ፊት ዞርኩ።

እና አየሁት። ዱንጉዛው ረጥቦ ይጨሳል። ቀዩ ቀለም እየለቀቀ ታርጋው ላይ ይንጠባጠባል። ሞተር የሚቀዘቅዘው ከፊት በሚገባው ነፋስ ነው፤ ያ ሁሉ ዳገት መኪናዋ አፍንጫዋን ታፍና ነው የወጣችው። ስንወጣ ፊት ለፊቴ ነበር፤ ያምራል ብያለሁም። ጋሽ ዳናን ዞር ብዬ አየኋቸው። ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

"ያውቁ ነበር?" አልኳቸው ቀስ ብዬ።

"ልጄ፣ ሲሰፉት አይቻለሁ" አሉ። "ለእማማ ቦጋለች ማን ይናገራል? ዳገቱ ትንሽ አጠር ቢል ኖሮ እንደርስ ነበር።"

ኤልያስ ነገሩ ሲገባው ከኪሱ ቢላዋ አወጣ። እማማ ቦጋለች ቢላዋውን ሲያዩ ከመኪናው ወርደው ጨርቁ ፊት ቆሙ፤ እጃቸውን እንደ በር መቀርቀሪያ ዘርግተዋል።

"ማንም እንዳይነካ። የወንድሜን ልብስ መንገድ ላይ አልገፍም። ሶዶ ሲደርስ ያሰርኩት እኔ እፈታዋለሁ።"

"አክስቴ፣ ሰርጉ ሊቀር ነው" አለ ታምራት።

"ይቅር።"

ይህን ሲሉ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ቁጣ እንዳልሆነ ያኔ ነው ያየሁት። ሴትዮዋ የወንድማቸውን ክብር ነው የሚጠብቁት። ልቤ ራርቶ ተጠጋኋቸው፤ በወላይትኛ፣ ለሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገርኩ።

"እማማ፣ መኪናዋን ይርሷት። እጅዎን እዚህ ያድርጉ።" እጃቸውን ይዤ ዱንጉዛው ላይ አስነካኋቸው። አቃጠላቸው፤ ሳብ አደረጉት። መዳፋቸው ቀይ ሆኗል፤ የዱንጉዛው ቀለም ነው። "እየተቀቀለ ነው። ከአሁን በኋላ አንድ ዳገት እንኳ አይችልም። እርስዎ ይፍቱት፤ ማንም በቢላዋ አይነካውም።"

መዳፋቸውን አዩ። ጨርቁን አዩ። ከዚያ ተንበረከኩና ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩ። ያን ሁሉ ቋጠሮ ከሳቸው ሌላ ማንም ሊፈታው አይችልም ነበር፤ ጣቶቻቸው እየተቃጠሉ በጥርሳቸው ጭምር ፈቱት። ጨርቁ ሲወድቅ ነፋሱ ራዲያተሩን ሲያገኘው ተሰማኝ። ፊቴ ላይ ሞቅ ያለ አየር መጣ፤ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ግን አላለቀም። ኮፈኑ ሥር ሳይ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የላይኛው ጎማ ቱቦ አፉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ውሃው በዚያ አልቋል። የተሰነጠቀውን ቆርጦ፣ ቀሪውን ገፍቶ መልሶ ማሰር ይቻላል። "ኤልያስ፣ ቢላዋህ አሁን ይፈለጋል። ጋሽ ዳና፣ ካቻቢቴ።" እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ፤ ልክ ጋራዥ እንዳለሁ። ማንም አላመነታም፤ ካቻቢቴው መዳፌ ላይ ተቀመጠ።

በዚያው ቅጽበት ከኋላዬ "ቆይ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

እማማ ቦጋለች ናቸው። እጄ አየር ላይ ቀረ። አሁን ነው፣ ቃሌን የሚያስታውሱኝ አልኩ። እሳቸው ግን ነጩን ቬሎዬን፣ ከዚያ ዘይት የለበሰውን ሞተር እያዩ ነው። እርጥቡን ዱንጉዛ አንሥተው ጨመቁት፣ ከብብቴ ሥር ጀምረው ሁለት ዙር ጠቀለሉኝና ከኋላ አሰሩት። በራሳቸው ቋጠሮ። እጅጌዬን ጠቀለሉልኝ። ዓይነ ርግቤን አውልቀው ለታምራት አስያዙት።

"በይ ሥሪ" አሉኝ። "ቶሎ።"

ሠራሁ። የቱቦው ማሰሪያ ብረት እያቃጠለኝ ፈታሁት፣ የተሰነጠቀውን ቆረጥኩ፣ ገፍቼ አስገባሁ፣ አጠበቅኩ። እንደዚያ ቀን እጄ ፈጥኖ አያውቅም። በመሃል ቢጫ ጀሪካን ያዘሉ ሴቶች ከወንዝ ሲወጡ አገኙን፤ ዱንጉዛ ታጥቃ ሞተር ላይ የተደፋች ሙሽራ ሲያዩ መጀመሪያ ቆመው ቀሩ፣ ከዚያ እልልታውን አቀለጡት። ከወንዝ ድረስ የተሸከሙትን ውሃ ሳይጠየቁ አወረዱ። ታምራት ቸኩሎ ሊጨምር ሲል ከለከልኩት፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ቴስታታው ይሰነጠቃል። መጠበቅ ነበረብን። የሕይወቴ ረጅሙ ጥበቃ እሱ ነው። እማማ ቦጋለች ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ይጸልዩ ነበር።

ክዳኑን በእርጥብ ጨርቅ ይዤ ጥቂት በጥቂት ፈታሁት። ውሃው ቀስ በቀስ ገባ።

"ያስነሷት ጋሽ ዳና።"

አንዴ አጉረመረመች፤ ጠፋች። ሁለተኛው ላይ ተነሣች። ጆሮዬን አቀረብኩ፤ ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው። ቱቦውን ዳሰስኩት፤ ጠብታ የለም። ዘልዬ ታምራትን አቀፍኩት፤ ሸሚዙ ላይ ሁለት ጥቁር መዳፍ ታተመበት፣ እሱም እንደ እብድ ይስቃል።

የቀረውን ዳገት ያለ ማሞቂያ፣ መስኮት ከፍተን ወጣን። መርፌው መሃል ላይ ተኝቷል፤ አሁን ሁላችንም እሱን ነው የምናየው። እማማ ቦጋለች ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው "እንዴት ነች?" ይላሉ በየኩርባው። ሶዶ ራስጌ ያለው ዳሞታ ተራራ ብቅ ሲል ኤልያስ መዘመር ጀመረ፤ የማይዘምሩት ጋሽ ዳናም ተቀበሉ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንደርስ ፓስተሩ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ወደ መኪናቸው እየሄዱ ነበር። ዱንጉዛ የታጠቀችውን ሙሽራ አይተው ቆሙ፤ ምንም ሳይጠይቁ ተመለሱ። ቀለበቱ ሲለካ ጠቦኝ ነበር። ያን ቀን ግሪሱ ረድቶት ሰተት ብሎ ገባ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ሙያዬን ላወድስ አይደለም። ጋሽ ዳናም ያውቁ ነበር፣ ጨርቁ ይፈታ የሚለውንም ሁሉም ብሎታል። እኔ ያን ቀን ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ሰውን የሚያስፈራ ሰው ሲያጋጥማችሁ ምን እንደሚጠብቅ እዩለት። እማማ ቦጋለችን ስንፈራ ኖረን ሁላችንም ዝም ብለን ልንነድ ነበር፤ የሚጠብቁትን አብሬያቸው ስጠብቅ ግን ቋጠሯቸውን ራሳቸው ፈቱት። እኔም ብሆን እሺ ስል ምን እንደምሰጥ አልነገርኳቸውም ነበር፤ እሳቸውም ያንን ያዩት እጄን ሲያዩ ነው።

የጫጉላው ጊዜ ሲያልቅ አንድ ጠዋት እማማ ቦጋለች ቤታችን መጡ። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። ስፈታው ዱንጉዛው ነው፤ ግን ሳጥን ውስጥ የኖረው ዱንጉዛ አይደለም። ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደው አስቆርጠውታል። ከአንገት የሚንጠለጠል፣ ከወገብ የሚታሰር ሽርጥ ሆኗል፤ ከፊቱ ሰፊ ኪስ አለው፤ ካቻቢቴ የሚይዝ። ማንም እንዳይነካ ብለው በቢላዋ ፊት የቆሙለት ጨርቅ ነው። እንባዬ መጣ።

"እማማ፣ ቃል ገብቼ ነበር" አልኳቸው።

"ቃልሽማ ይጠበቃል" አሉ በአማርኛ፣ ቆጣ ብለው። "እኔ አውልቂ ያልኩት ቱታ ነው። ይሄ ቱታ ነው?"